ከጢያ እስከ ጌዴኦ፦ ድንጋዩና የቆመበት መሬት

ሐሙስ

በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ ወጣን። መኪናዋ የጓደኛዬ ቪትዝ ናት። ለአስፋልቱ ትበቃለች፤ ለጌዴኦ ዳገት ግን እንደማትሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ይሁን፣ እስከምትችለው ታድርሰን፣ ከዚያ ወዲያ ባጃጅም ሞተርም እግርም አለ ብለን ነው የተነሳነው። ገና ዓለም ገና ሳንደርስ የነዳጅ ሰልፍ ያዘንና ግማሽ ጠዋት እዚያው አለቀ።

የጉዞው ሐሳብ ቀላል ነው። የትክል ድንጋይ ፎቶ በየቦታው አይቻለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ መሃል ላይ ድንጋይ፣ ከኋላው ሰማይ። ድንጋዩ ወዴት እንደዞረ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሆነ፣ ተራራው በየት በኩል እንዳለ፣ ዙሪያውን ማን እንደሚያርስ አይታይም። እኔ ደግሞ ማየት የፈለግኩት ይሄንኑ ነው። ያን የሚያህል ድንጋይ አስጎትቶ የሚያቆም ሰው ቦታ ሳይመርጥ አያቆምም።

መጀመሪያ የወረድነው መልካ ቁንጥሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መንገዱ አዋሽን ከሚሻገርበት አጠገብ። እዚህ ትክል ድንጋይ የለም። ግን ሰውና ድንጋይ በዚህች አገር ስንት ዘመን አብረው እንደኖሩ ለመገንዘብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ወንዙ እየሸረሸረ ባወጣው አፈር ውስጥ እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ የሰው ዘር አሻራ ተገኝቷል። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ አለ። ከዱካዎቹ መካከል የትንንሽ ልጆች ይገኙበታል።

ጎጆ መሳይ በሆኑት የሙዚየሙ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የፈጀሁት ባልጩቱ ጋ ነው። ባልጩት እሳተ ገሞራ የሠራው የተፈጥሮ መስታወት ነው። በወጉ ሲፈነከት ጠርዙ ይሳላል፤ ለመቁረጥም ለመፋቅም ይሆናል። ምንጩም ሩቅ አይደለም፣ ባልጭት የሚባለው ቦታ እዚያው ጎረቤት ነው። መልካ ቁንጥሬና ባልጭት እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ባልጩቱን በአእምሯችሁ ያዙልኝ፣ ወደ ደቡብ ስንወርድ እንፈልገዋለን።

ጢያ የደረስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከሩቅ የሚታይ ነገር የለም። አክሱምን ያየ ሰው እዚህ መጥቶ «ይኸው ነው?» ማለቱ አይቀርም። ጓደኛዬም አለ። ሁለቱ ግን በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1980። በሶዶ አካባቢ ወደ 160 የሚጠጉ የአርኪዮሎጂ ቦታዎች አሉ። ጢያ ከእነሱ አንዱ ነው፤ ስሙ የወጣለት አንዱ።

አጥሩ ውስጥ 36 ድንጋዮች አሉ። 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። አብዛኞቹ ወደ 45 ሜትር በሚዘልቅ አንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። አንዳንዱ ቀጥ ብሏል፣ አንዳንዱ አዘንብሏል፣ ተሰብሮ የቀረም አለ። ትልቁ ሳይሰበር ወደ 5 ሜትር ይደርስ ነበር።

አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። ፈጠን ፈጠን ብሎ ያወራል፤ ሥራው የለመደው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ጀግና ነው» ይላል ወደ አንዱ እየጠቆመ። ጎራዴዎቹን ቆጠረልን። ስንት ጎራዴ ካለ ያን ያህል ጠላት ገድሏል ማለት ነው አለን። ሌላኛው ላይ ሁለት ጡት ተቀርጿል፤ እሷ ደግሞ ሴት ናት። ከጎራዴው ሥር ያለውን ቅርጽ በርኩማ ነው አለ፤ ለሟቹ የራስ ማሳረፊያ። እንሰት ነው የሚሉም አሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ነው የሚይዙት፤ አብዛኞቹ ምልክቶች እስካሁን በእርግጠኝነት አልተፈቱም። ደግሞ አስቡት፣ ጎራዴ ሁሉ የገደለ ሰው ቁጥር ከሆነ የሂሳብ መዝገብ ቆመን እያነበብን ነው ማለት ነው። እኔ ብዙም አላሳመነኝም። ለልጁ ግን አልነገርኩትም፣ ሲያወራው ደስ ይላል።

የሚታወቀው ነገር ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና ከዚያ በኋላ በነፍራንሲስ አንፍሬይና ሮጀር ጁሶም የተመራው ቁፋሮ እግራቸውን አጣጥፈው የተቀበሩ ሰዎችን አግኝቷል። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ዘመኑም ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ሲል ኖሯል። ኢማም አሕመድ የተነሳው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ድንጋዮቹ እሱ ሳይወለድ መቶ ዓመታትን አስቆጥረዋል። በዚህች አገር ግን አድራጊው ያልታወቀ ትልቅ ነገር ሁሉ ወይ ለግራኝ ወይ ለንግሥት ሳባ ይሰጣል።

ዓርብ

ያደርነው ቡታጅራ ነው። ጠዋት ጓደኛዬ ወደ ደቡብ እንቀጥል ሲል እኔ ወደ ጢያ እንመለስ አልኩት። አኮረፈ፣ ግን ነዳ።

ምክንያቴ ፀሐይ ነች። ትናንት ሰማዩ ዳምኖ ስለነበር ቅርጾቹ ደብዝዘው ነበር። የጠዋት ብርሃን ዝቅ ብሎ ከጎን ሲመጣ ሌላ ነገር ይሆናል። አንዱ ድንጋይ ፊት ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቅርጹ ቀስ በቀስ ወጣ። መጀመሪያ ከላይ ያለው ክብ። ቀጥሎ ጎራዴዎቹ፣ ስለታቸው ሰፊ፣ መያዣቸው አጭር። የአንዱ ጎራዴ ጠርዝ ላይ አረንጓዴና ግራጫ የድንጋይ ሽበት በቅሏል፤ የቀራጩ መስመር የት አልቆ የዝናቡ የት እንደጀመረ አይለይም። ጎራዴዎቹ እኩል አይደሉም። አንደኛው ቦታ ስላጠረው ጠበብ ብሎ ገብቷል። እዚያ ላይ ሰውየው ታየኝ። ጠርቦ ጠርቦ መጨረሻ ላይ ቦታ ያለቀበት ሰው።

ከዚያ ጀርባዬን ለድንጋዮቹ ሰጥቼ ዙሪያውን አየሁ። አገሩ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ደጋ። ጥቅምት መጨረሻ ስለሆነ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። በምሥራቅ በኩል ዝቋላ ብቻውን ጉብ ብሏል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የጉራጌ ሰንሰለት አለ፣ እስከ ዘቢዳር የሚሄደው። እዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ ሁለቱን ማየት ይቻላል። ማለቴ፣ ባሕር ዛፉ ባይኖር። ባሕር ዛፍ ወደዚህ አገር የገባው በምኒልክ ዘመን ነው። ድንጋዮቹን ያቆሙት ሰዎች አያውቁትም። የባሕር ዛፉን መስመር በሐሳቤ እየነቀልኩ ስመለከት የቦታው ነገር ገባኝ። ሜዳ ላይ የቆመ ነገር ትንሽም ቢሆን ሩቅ ይታያል። ሦስትና አራት ሜትር ለዚህ ይበቃል፤ አክሱም እዚህ ቢመጣ ትርፍ ነው።

አጥሩን በተመለከተ ሁለት ልብ ነኝ። ባይኖር ከብት ይታከክባቸዋል፣ ሰውም ስሙን ይጽፍባቸዋል። ካለ ደግሞ ድንጋዩ ከእርሻው፣ ከመንገዱ፣ ከመንደሩ ተቆርጦ ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሴትዮ ጤፏን እያረመች ነበር፤ ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። አንዴም ቀና ብላ ወደዚህ አላየችም። ምን ታድርግ፣ አጥሩ «ይሄ ያንቺ አይደለም» ብሏታል።

የቀረው ቀን መንገድ ነው። ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን በቆሼ በኩል ወደ ባቱ ወረድን። ማረቆ በርበሬውን ማስጣት ጀምሯል፤ መስኮት ከፍቶ ማለፍ አይቻልም፣ ሁለታችንም እያስነጠሰን ነው ያለፍነው። ባቱ፣ ሻሸመኔ፣ ሀዋሳ። ስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ሙቀቱ ያደክማል። ሀዋሳ ስንገባ መሽቶ ነበር።

ቅዳሜ

ከሀዋሳ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከዲላ በፊት ጀምሮ መልኩን ይቀይራል። ሜዳው ያልቅና ዛፍ ይጀምራል። ጫካ ይመስላል እንጂ ጫካ አይደለም፣ ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቁ ዛፍ አለ፣ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ አልፎ አልፎ ዝግባው። ከሥሩ እንሰቱ። በእንሰቱ መሃል ቡናው። ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመኑ፣ ቦዬው። ቤት የት እንዳለ የሚታወቀው በጭሱ ነው። ጌዴኦ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው ዛፉን ሳይጨርስ በዚህ ዳገት ላይ እንዴት ኖረ የሚለው ለግብርና ባለሙያዎችም የሚያስቀና ጥያቄ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ መልክዓ ምድርን ሲመዘግብ ድንጋዮቹን ለብቻ ነጥሎ አልወሰደም። እርሻውን፣ የተከበሩትን ደኖችና ትክል ድንጋዮቹን አንድ ላይ ነው የወሰደው። ጢያ ላይ አጥሩ የነጠለውን ነገር እዚህ ወረቀቱ እንኳ አንድ አድርጎታል።

ቪትዟን ዲላ አሳረፍናት። ከወናጎ በኋላ ያለው ዳገት ለእሷ አይደለም። ሞተር ይዘን ወጣን፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ አስጎብኚ ወጣት። ቀጭን መንገድ ነው፤ ግራና ቀኙ እንሰት፣ ቅጠሉ ፊት ይመታል። ቡናው ቀልቷል። ሰው ሁሉ ቅርጫት ይዟል። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ነው መሰለኝ እሸት ቡና እየለቀሙ ነበር። የማጠቢያ ጣቢያው አጠገብ ስናልፍ ያ የገለባው ጎምዘዝ ያለ ሽታ አለ፤ ለማያውቀው ሰው ከቡና ጋር አይገናኝም።

ጨልባ ቱቱቲ ስንደርስ አስጎብኚው «ይኸው» አለ። እኔ ግን ገና እንሰት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ አንዱን አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ዓይን ሲለምድ በየአቅጣጫው ናቸው። የቆሙት ጥቂት፣ የወደቁት ብዙ። ከሰው ቁመት እጥፍና ከዚያም በላይ የሆኑ አሉ። አንዱ የወደቀ ድንጋይ በእግር መንገዱ ላይ ተጋድሟል፤ መሃሉ በሰው ተረከዝ ተሞርዶ ይለሰልሳል፣ ዳርና ዳሩ ግን አሁንም ሻካራ ነው። ስንት ትውልድ ወደ ገበያ ሲሄድ ረግጦት አልፏል።

ቅርጻቸውን መናገር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ በወንድ ብልት አምሳል የተጠረቡ ናቸው። አስጎብኚያችን ይህን ሲደርስበት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ... እንደምታዩት ነው» አለና ወደ ሌላ ዞረ። ከኋላችን የሚከተሉን ልጆች ግን አፍረት የላቸውም፣ እየሳቁ ነበር። በደቡቡ ክፍል ሁለት ዓይነት ትክል ድንጋይ አለ፤ አንደኛው ይሄ ነው፣ ሁለተኛው የሰው መልክ ያለው። ሁለተኛውን ነገ እናያለን።

ቦታው ግን ገረመኝ። ጨልባ ቱቱቲ ተረተር ላይ ነው። በጌዴኦ ትክል ድንጋዮቹ በብዛት የሚገኙት እንዲህ በተራሮቹ ተረተር ላይ ነው። ዛፉ ክፍት በሆነበት በኩል አጮልቄ ሳይ መሬቱ በምዕራብ በኩል ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ጢያ ላይ ድንጋዩን የሚያሳየው ሜዳው ነበር። እዚህ ዳገቱ ነው። ከታች የሚመጣ ሰው ዳገቱን ጨርሶ ሲተነፍስ ፊት ለፊቱ ድንጋይ ይቆመዋል። እኔም የተነፈስኩት እዚያ ነው፤ ሞተሩ ጭቃ ውስጥ ስለተያዘ የመጨረሻውን ቁራጭ በእግሬ ነበር የወጣሁት።

አንድ አባት ከቡናቸው መሃል ወጥተው ሰላም አሉን። አስጎብኚው ከጌዴኦኛ አስተረጎመልን። «እርሻዎ ውስጥ ነው ያሉት፣ አያስቸግርዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «እኔ ስወለድ ቆመው አገኘኋቸው። ቡናው ነው ከእነሱ መሃል የገባው» አሉ። ከአንዱ የቆመ ድንጋይ ጥግ ሣሩን በማጭድ አጨዱት። ለእኛ ብለው አይደለም፣ ሲያልፉ እግረ መንገዳቸውን።

እሑድ

ዛሬ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ወደ ቱቱ ፈላ። ሰዉ ነጠላውን ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፣ መንገዱ ዳር ዳር ጉባኤ ነው። ሞተሩ በወጣ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል። ቡናው እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል። እንሰቱ ይቀጥላል፤ እንዲያውም ይወፍራል። ጃኬት ባለመያዙ የሚያማርረው ጓደኛዬ ነው። እኔ ትናንት ነግሬው ነበር፤ ይህን ለታሪክ ልመዝግበው።

ቱቱ ፈላ ከጨልባ ቱቱቲ ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚህ ድንጋዮቹ ተበታትነው አይደሉም፤ ሰው በሠራው ጉብታ ላይ ተጨናንቀው ቆመዋል። ጉብታው የመቃብር ክምር ነው። ሮጀር ጁሶም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቆፍሮታል። ወደ 300 የሚሆኑ ትክል ድንጋዮች አሉበት። ክምሩ በአንድ ጊዜ የተሠራ አይደለም፤ መቃብር በመቃብር ላይ እየተደረበ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጨመረ ያደገ ነው።

ብዙዎቹ ፊት አላቸው። አንዱ ፊት ለፊት ተንበርክኬ አየሁት። ቁመቱ ከወገቤ ትንሽ ያልፋል። ዓይንና አፍንጫው የተሠሩት በጥቂት መስመር ነው፤ ቀራጩ ቁጠባ ያውቃል። ከአንገቱ በታች ደረቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ የጎድን አጥንት ይመስላሉ። እጆቹ ከሁለት በኩል ወደ ሆዱ ይመጣሉ። የግራው ጉንጭ በሽበት ተሸፍኗል። የሚገርመው ግን አናቱ ነው። ከጎን ሲታይ ያ የትናንቱ ቅርጽ አለበት። ጨልባ ቱቱቲ ላይ ያየነው ዓይነት ድንጋይ ነበር፤ በኋላ የመጡ ሰዎች እንደገና ጠርበው ፊት አወጡለት። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ነው የሚሉት፤ ከሰው መልክ ድንጋዮቹ መካከል በዕድሜ የሚቀድሙትን አሮጌዎቹን እንደገና በመጥረብ የተሠሩ አሉ።

እዚያው ክምሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ብዙ አሰብኩ። ሁለተኛዎቹ ሰዎች አዲስ ድንጋይ ከካባ አውጥተው መጎተት ይችሉ ነበር። ምናልባት ድካሙን ሸሽተው ይሆናል፤ ይህም ሰው ያደርገዋል። እኔ ግን የቆመ ድንጋይ ክብር ያለው ነገር ሆኖባቸው ይመስለኛል። አያቶቻቸው ያልሆኑትን ሰዎች ድንጋይ ወስደው ለሟቻቸው ፊት ሰጡበት። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ማስረጃ የለኝም።

ጓደኛዬ በዚህ መሃል አንድ አባት ጋ ሄዶ ወግ ጀምሯል። በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ አማርኛቸው ጥሩ ነው። ድንጋዮቹን የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደሚጠብቋቸው ነገሩን። አጥር አለ ወይ ብለን ጠየቅን። «አጥሩ ሰው ነው» አሉ። ይህችን ጓደኛዬ ወዲያው ስልኩ ላይ ጻፋት። እሳቸው ደግሞ «ቁጭ በሉ፣ ቡና አለ» አሉን፤ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ቁጭ አልን። ቡናው በቅቤ መጣ። ከቆጮ ጋር፣ ከጎመን ጋር። ስለ ድንጋዩ ልጠይቃቸው ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁት፤ እሳቸው ደግሞ የልጃቸውን የዲላ ዩኒቨርሲቲ ውጤት እያነሱ ይጨነቃሉ። ስንነሳ መረቁን።

ሰኞ

ሌሊቱን ዘነበ። ከዲላ ቀደም ብለን ወጥተን ሳካሮ ሶዶን ለማየት ሞከርን፤ ጭቃው ከባድ ነው። ያየነው ጥቂቱን ነው፤ ቆመው የቀሩ፣ ተጋድመው ቅጠል የለበሱ። ለዓይን ከጨልባ ቱቱቲ በላይ ነው አልልም። ለታሪኩ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

ምክንያቱ ዕድሜው ነው። የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች የሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ተደርጎ ለብዙ ጊዜ ሲታሰብ ኖሯል፤ ከጢያ ጋር ተቀራራቢ። አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ሳካሮ ሶዶን ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን አወጣው። በአንድ ጊዜ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ! አክሱም ገና መንግሥት ሆኖ እየተደራጀ በነበረበት ዘመን እዚህ ደቡብ ዳገት ላይ ሰዎች ድንጋይ ይጠርቡና ያቆሙ ነበር ማለት ነው። በጌዴኦ ብቻ ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይገመታል። በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ግን ትክል ድንጋይ ሲባል ምን እንደሚታየን ታውቃላችሁ። ይሄ ትንሽ ያናድደኛል።

ለምን አቆሟቸው ለሚለው ተመራማሪዎቹ ከሚያነሷቸው ሐሳቦች አንዱ የትውልድ ሥልጣን ርክክብ ነው። ጌዴኦ ባሌ የሚባል የትውልድ ሥርዓት አለው፤ አንዱ ትውልድ ለሌላው ያስረክባል። ሁሉም ድንጋይ የመቃብር ድንጋይ መሆን የለበትም ማለት ነው፤ አንዳንዱ የሥልጣን ወይም አንድ ማኅበረሰብ የሠራው ነገር መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። ይህ ከተረተሩ ጋር ይገጥማል። መቃብር ተደብቆም ይሆናል። ርክክብ ግን ምስክር ይፈልጋል፤ ሰው የሚሰበሰብበት፣ ከሩቅ የሚታይ ቦታ።

ያ በአእምሯችሁ ያስያዝኳችሁ ባልጩት ደግሞ እዚህ ይመጣል። ሳካሮ ሶዶ ላይ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል። አብዛኛው ከየት መጣ ቢባል 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ። ጢያን ይዘን ስንወርድ ሁሉም ነገር ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚፈስ ይመስለን ነበር፤ የመንገዱ አቅጣጫ ያታልላል። እነዚህ ሰዎች ግን ደቡቡንም ያውቁት ነበር። ከዚያ ድረስ ወይ ሄደዋል፣ ወይ የሚያመጣላቸው አግኝተዋል።

መሄድ ለሚያስብ ሰው፦ ክረምት አትሂዱ። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው፣ ቡናውም ያኔ ነው። ማደሪያ ዲላ አለ። ወደ ድንጋዮቹ የሚያወጣው መንገድ ለትንሽ መኪና አይሆንም። የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ውጡ፤ አንደኛ ድንጋዮቹ ያሉት በሰው ጓሮ ውስጥ ነው፣ ሁለተኛ ብቻችሁን ብትሄዱ በእንሰቱ መሃል ሳታዩዋቸው ታልፋላችሁ። ቱቱ ፈላ ለመውጣት ጃኬት ያዙ። ጢያን በጠዋት ወይም ወደ ማታ እዩት፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ቅርጹን ታጠፋዋለች።

ከዲላ ስንነሳ ጓደኛዬ ጌዴኦም አጥር ያስፈልገዋል ብሎ ጀመረ። አሁን ስሙ ወጣ፣ ጎብኚ ይበዛል፣ ሽማግሌ ብቻውን አይችለውም አለ። ትክክል ነው። እኔ ደግሞ አጥር ከገባ ያ አባት ሣሩን ማጨድ ያቆማሉ፣ «የመንግሥት ነው» ብለው ይተዉታል አልኩ። እሱ ጢያ ላይ አጥሩ ባይኖር ድንጋዩ ላይ ስም ተጽፎበት ታገኘው ነበር አለ። ይሄም ትክክል ነው። እንዲህ እየተባባልን ሀዋሳ ገባን። አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሳ አዘዝን። ዓሳው ሲመጣ እሱ «ቢያንስ ቱቱ ፈላን» ብሎ ዝቅ አለልኝ፣ እኔም ቱቱ ፈላን ለማሰብ ተስማማሁ።